አድባር፣ ዋርካ፣ ኦዳ፦ ዛፎች በአፍሪካ ባህል፣ እምነትና ትረካ

በአፍሪካ ሕዝቦች ሕይወት ውስጥ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ከመስጠት ያለፈ ሥፍራ አላቸው። ሸንጎ የሚሰየመው፣ ደም የሚደርቀው፣ ጸሎት የሚደርሰው፣ ትውልድ የሚቆጠረውና ተረት የሚወርደው ከሥራቸው ነው። ይህ ጽሑፍ በአገራችንና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለዛፎች የተሰጠውን ትእምርታዊ ትርጉም በተጨባጭ ምሳሌዎች ያብራራል። ምሳሌዎቹ ከተለያዩ እምነቶችና ቋንቋዎች የተወሰዱ ቢሆኑም አንድ ነገር ያስተሳስራቸዋል፤ ዛፉ ለማኅበረሰቡ ምልክት የሆነው ከሥሩ በሚፈጸመው ተግባር ምክንያት ነው። በመሆኑም እንዲህ ያለ ዛፍ ሲቆረጥ አብሮት የሚፈርስ ተቋም መኖሩን በልማት ዕቅድ ውስጥ ማገናዘብ ያስፈልጋል።

አድባር በቃልና በልማድ

«አድባር» የሚለው ቃል ከግዕዝ የተወረሰ ነው። «ደብር» ለሚለው ስም ብዙ ቁጥር ሲሆን ትርጉሙም ተራሮች ማለት ነው። በአማርኛ ቃሉ ከመነሻው ሰፍቶ አካባቢን ይጠብቃል ተብሎ የሚታመን መንፈስ፣ እንዲሁም መንፈሱ ያድርበታል የሚባለው ትልቅ ዛፍ፣ ኮረብታ ወይም ድንጋይ መጠሪያ ሆኗል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በኦሪት ዘፍጥረት አብርሃም በሞሬና በመምሬ ያረፈባቸውን ዛፎች «የአድባር ዛፍ» ብለው መተርጎማቸው ቃሉ በሕዝቡ ዘንድ የነበረውን ክብደት ያሳያል። የዛፉን ዝርያ በስሙ ከመጥራት ይልቅ አንባቢው ወዲያው የሚያውቀውን፣ ግርማ ያለውንና የሚከበረውን ዛፍ መረጡ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን የምታከብረው የሥላሴ በዓልም ሥላሴ በዚያ ዛፍ ሥር በአብርሃም ቤት መስተናገዳቸውን የሚያስታውስ ነው።

ቃሉ በዕለት ተዕለት ንግግርም አልደበዘዘም። በዕድሜና በምክር የተከበረ አዛውንት «የአገር አድባር» ይባላል። በሙያው የገነነና ለሌሎች መጠጊያ የሆነ ሊቅ ወይም የኪነ ጥበብ ሰው «ዋርካ» ተብሎ ይጠራል፤ ሲያርፍም «ዋርካው ወደቀ» ይባልለታል። ጥላ የሚሆን ታላቅ ሰው በጠፋበት ጊዜ ትንሹ ቦታውን ሲይዝ ደግሞ «ዋርካ በሌለበት እንቧጮ አድባር ይሆናል» የሚል ተረትና ምሳሌ አለ። እንቧጮ ከቁጥቋጦነት የማያልፍ ተክል በመሆኑ ንጽጽሩ ማብራሪያ አያሻውም።

ግንቦት 1 ቀን የሚከበረው የልደታ ለማርያም በዓል አድባርና የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጎን ለጎን የሚታዩበት ዕለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እመቤታችን የተወለደችው በሊባኖስ ተራራ፣ ከቤት ውጭ በመሆኑ ምእመናን በዓሉን ደጅ ወጥተው ያከብራሉ። ጎረቤት ከጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ ቡና ያፈላል። በብዙ አካባቢዎች የሚመረጠው ቦታ ከትልቅ ዛፍ ሥር ነው። በአንዳንድ ሥፍራዎች ግንዱ ቅቤ ይቀባል፣ ቄጤማ ይነሰነሳል፣ ለዓመቱ ዝናምና ጤና ልመና ይቀርባል።

ይህ ልማድ ሁሉን ያስማማ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዛፍ መስገድንና ቅቤ መቀባትን አትቀበልም፤ ሌሎች የሃይማኖት ተቋማትም እንደዚሁ። ጉዳዩ አዲስ አይደለም፤ በገድለ ተክለ ሃይማኖት ሕዝብ ያመልከው የነበረ ዛፍ መውደቁና እንጨቱ ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ መዋሉ ይተረካል። የትረካው አካሄድ ልብ ሊባል ይገባል፤ ዛፉ አምልኮው ቢቀርም ከተቀደሰ አገልግሎት አልወጣም። አንድን ዛፍ በባህላዊ ቅርስነት መጠበቅ በሥሩ ለሚፈጸመው እምነት ወገንተኝነትን አያመለክትም። የመንግሥት አካላት ይህን ልዩነት ለማኅበረሰቡ በግልጽ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል፤ በተግባር ብዙ አለመግባባት የሚነሣው ከዚህ ነጥብ ነውና።

የቤተ ክርስቲያን ደን

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ላይ የሚጓዝ ሰው በታረሰ መሬት መካከል ክብ የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሲያይ ከውስጡ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዶቅማና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች በአጸዱ ውስጥ ተጠብቀው ይገኛሉ። ከአጸዱ ውጭ ያለው መሬት በእርሻና በግጦሽ ሲራቆት እነዚህ ደኖች የተረፉት በዘበኛ ብዛት አይደለም። ደኑ የመቅደሱ አካል ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። አባቶች ደኑን ለቤተ ክርስቲያን እንደ ልብስና እንደ ግርማ ሞገስ ይቆጥሩታል፤ ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ልብሱን እንደተገፈፈ ሰው ነው ይላሉ። አጸዱ የገነት አምሳል ነው የሚለው ትምህርትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በገነት የተተከሉት ዕፀ ሕይወትና ዕፀ በለስ፣ በቀራንዮም የቆመው ዕፀ መስቀል በአንድ የግዕዝ ቃል «ዕፅ» ይጠራሉ። ስለዚህ በዜማውና በትርጓሜው ውድቀትና ድኅነት ሁለቱም በዛፍ ሆኑ የሚለው ሐሳብ በቀላሉ ይተላለፋል።

የእነዚህ ደኖች ሳይንሳዊ ዋጋ በቅርብ ዓመታት በሚገባ ተጠንቷል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2007 ለዶክትሬት ባቀረቡት ጥናት ከ160 በላይ የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ከጥናቱ በኋላ በተለያዩ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ አጥር በመገንባት ከብቶች ችግኞችን እንዳይረግጡ ለማድረግ ተሞክሯል፤ ድንጋዩም በአብዛኛው ከአካባቢው ማሳ የተለቀመ በመሆኑ ገበሬው ማሳው ጸድቶለታል። ይሁን እንጂ በአንዳንድ አጸዶች አገር በቀሉን ዛፍ በባሕር ዛፍ የመተካት ዝንባሌ ይታያል። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ስሙም ይህንኑ የሚናገር፣ ለማገዶና ለግንባታ ትልቅ ጥቅም የሰጠ ዛፍ ነው። ነገር ግን በባሕር ዛፍ ሥር ሸንጎ ሲቀመጥ የታየበት ቦታ አለ ለማለት ያስቸግራል።

ከአጸዱ ውጭም ዛፍ በበዓላት ውስጥ ይገባል። በሆሳዕና ምእመናን ዘንባባ በጣታቸውና በግንባራቸው ያስራሉ። በመስቀል ዋዜማ ደመራው ሲቃጠል መካከል ያለው ምሰሶ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደወደቀ ታይቶ ስለ መጪው ዓመት ይነገራል። ወይራ ደግሞ ከኖኅ ርግብ ጀምሮ የሰላም ምልክት ከመሆኑ ጋር የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ማጠኛ፣ የጥርስ መፋቂያና የሽማግሌ በትር ሆኖ በየቤቱ ይኖራል። ምልክትነቱና አገልግሎቱ እዚህ ላይ አይነጣጠሉም።

በእስልምና ትምህርትም ዛፍ የጎላ ሥፍራ አለው። በሰባተኛው ሰማይ ዳርቻ ያለችው «ሲድረቱል ሙንተሃ» በቅዱስ ቁርኣን ተጠቅሳለች፤ መልካም ቃልም ሥሩ በምድር የጸና፣ ቅርንጫፉ ወደ ሰማይ የዘለቀ መልካም ዛፍ ተመስሏል። የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች በሑደይቢያ ቃል ኪዳን የገቡት በዛፍ ሥር ነበር። በባሌ የሚገኘውን የድሬ ሼክ ሁሴን መካነ ቅዱስ ለመጎብኘት በእግር የሚጓዙ ምእመናን ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዘው መታየታቸው የታወቀ ነው።

ኦዳ የገዳ ሸንጎ

በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ኦዳ የሰላም፣ የአንድነትና የሕግ ምልክት ነው። ብዙ የአማርኛ ጽሑፎች ኦዳን «ዋርካ» ብለው ቢጠሩትም በዝርያው ለሾላ የሚቀርብ፣ እንዲያውም ራሱ ሾላ የሚባለው ዛፍ ነው፤ ዋርካና ሾላ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች በመሆናቸው ስሞቹ በየአካባቢው ይቀያየራሉ።

በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ገዳ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጉባኤው የሚቀመጠው፣ ሕግ የሚመከርበትና የሚታወጀው፣ ያለፈው የሥልጣን ዘመን የሚገመገመው በኦዳ ሥር ነው። ኦዳ ነቤ በምሥራቅ ሸዋ፣ ኦዳ ቡልቱም በምዕራብ ሐረርጌ፣ ኦዳ ሮባ በባሌ፣ ኦዳ ቢሲል በምዕራብ ሸዋ፣ ኦዳ ቡሉቅ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የታወቁ የጉባኤ ማዕከላት ናቸው። ማዕከላቱ የሚጠሩት በዛፉ ስም መሆኑ ትኩረት ይስባል። በሌሎች አገሮች ምክር ቤት የሚጠራው በሕንፃው ወይም በከተማው ነው፤ እዚህ ግን ዛፉ ራሱ ሕንፃውም፣ ማኅተሙም፣ መዝገቡም ነው። የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ በመካከሉ የኦዳን ምስል የያዘውም በዚህ ምክንያት ነው። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የተመዘገበው ሥርዓቱ ነው፤ ሥርዓቱ የሚያርፍበት ዛፍ ግን በቦታው መኖር አለበት።

ለምን የሾላ ዘመዶች ተመረጡ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዛፎቹ ጠባይ ነው። ሾላና ዋርካ ቅርንጫፋቸውን ወደ ጎን ሰፊ አድርገው ስለሚዘረጉ ብዙ ሕዝብ ያስጠልላሉ፤ ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ ፍሬያቸው ወፉንም ጦጣውንም ይመግባል። በተለይ ሾላ ውኃ ባለበት አካባቢ መብቀል ይወዳል። እንጨታቸው ለስላሳ በመሆኑ ለግንባታ እምብዛም አይፈለጉም። ዋንዛ በተቃራኒው ለሙቀጫ፣ ለከበሮና ለቤት ዕቃ የሚመረጥ እንጨት ስላለው በብዙ ቦታ ተመናምኗል። ጥቅሙ አነስተኛ የሆነው እንጨት ዛፉን ከመጥረቢያ አተረፈው፤ የተረፈው ዛፍም ሸንጎ ሆነ ብሎ መገመት ይቻላል።

በዛፍ ሥር መዳኘት የአንድ ብሔረሰብ ብቻ ልማድ አልነበረም። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ ተጠርቶ የሚመረመርበት አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በገላጣ ሜዳ ወይም በትልቅ ዛፍ ሥር ይካሄድ ነበር። ዛሬም ሽማግሌዎች ባልና ሚስትን፣ ወሰንተኛን ከወሰንተኛ፣ ገዳይን ከሟች ቤተሰብ ለማስታረቅ የሚቀመጡት በዛፍ ጥላ ነው። ሁሉም ሰው የሚያየው፣ ማንም ባለቤት ያልሆነበት፣ በር የሌለው ቦታ በመሆኑ የሚነገረው ቃል ምስክር አያጣም።

ኮንሶ፣ ጌዴኦ እና ኑዌር

በኮንሶ ዛፍ የዘመን መቁጠሪያ ነው። በመንደሮቹ አደባባይ በየትውልዱ የሥልጣን ርክክብ ሥርዓት ረጅም የጽድ ግንድ ይተከላል፤ ግንዶቹ በአንድነት ታስረው ይቆማሉ። ሥርዓቱ በ18 ዓመት አንድ ጊዜ የሚፈጸም በመሆኑ ግንዶቹን የቆጠረ የመንደሩን ዕድሜ ይገምታል። ለዚህ የሚሆነው ጽድ የሚመጣው ከጎሣ መሪዎች ጥብቅ ደን ነው። የሞቱ ጀግኖች ከእንጨት ተቀርጸው የሚታወሱበት «ዋካ» የተባለው ሐውልትም የዚሁ ባህል አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር ከ21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ የኖረ ባህል እንደሆነ በምዝገባ ሰነዱ ተመልክቷል። ስለ ኮንሶ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የድንጋይ እርከኑ ነው፤ ያን እርከን ያሠራው የትውልድ ሥርዓት የሚነበበው ግን ከእነዚህ ግንዶች ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ ትልልቅ ዛፎች እንሰትን ያስጠልላሉ፤ ከእንሰቱ ሥር ቡና ይበቅላል። በታረሰው ተዳፋት መካከል ለጌዴኦ ነባር እምነት ሥርዓቶች የተጠበቁ ደኖች ይገኛሉ፤ በተራሮቹ ጀርባም ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። ሕዝቡ በጣም ተጠጋግቶ በሚኖርበት ሥፍራ ደን መትረፉ ትውፊታዊ ዕውቀት ምን ሊሠራ እንደሚችል በተግባር ያሳየ ነው።

በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን በሚኖረው የኑዌር ሕዝብ ትረካ ደግሞ የሰው ልጅ መጀመሪያ የተገኘው በምዕራብ ኑዌር ምድር ከነበረ የሁመር ዛፍ ነው። ሁመር በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ለመጠጥ የሚሆነውን ጎምዛዛ ፍሬ የሚሰጥ፣ ታማሪንድ በሚል ስምም የሚታወቅ ዛፍ ነው። በኑዌር ትረካ እናት ነች።

ከባኦባብ እስከ ሙጉሞ

ዛፍን እናት፣ አባት፣ ዳኛ ወይም ነቢይ አድርጎ መተረክ በአህጉሩ በሙሉ የተለመደ ነው። በተከዜ ተፋሰስ ቆላማ ቦታዎች «ዲማ» የሚባለው ባኦባብ በምዕራብና በደቡባዊ አፍሪካ በርካታ ተረቶች አሉት። ከሁሉ የታወቀው ዛፉ ተዘቅዝቆ ተተከለ የሚለው ነው፤ በአንዱ አካባቢ ፈጣሪ በዛፉ ትዕቢት ተቆጥቶ ገለበጠው ሲባል፣ በሌላው ችግኙ የደረሰው ጅብ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ተከለው ይባላል። ቅጠሉ በረገፈበት ወቅት ቅርንጫፎቹን ያየ ሰው ተረቱ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። በሴኔጋል በሴሬር ሕዝብ ዘንድ የዘር ሐረግና ታሪክ በቃል የሚይዙ አዝማሪዎች ሲሞቱ በባኦባብ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ የመቀበር ልማድ ነበር። የሕዝብ ትዝታ የተሸከመ ሰው በሕዝብ ዛፍ ውስጥ ያርፍ ነበር ማለት ነው። የሴኔጋል ብሔራዊ ዓርማም ከአንበሳው ጎን ባኦባብን ይዟል።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ኔቸር ፕላንትስ» በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት የወጣ ጥናት ከ2005 ወዲህ ከ13ቱ ዕድሜ ጠገብ የአፍሪካ ባኦባቦች ዘጠኙ፣ ከስድስቱ ግዙፎች ደግሞ አምስቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል መሞታቸውን አሳውቋል። አጥኚዎቹ የአየር ንብረት ለውጥ አስተዋጽኦ ሊኖረው እንደሚችል ቢጠቁሙም ይህን ለማረጋገጥ ተጨማሪ ምርምር እንደሚያስፈልግ ገልጸዋል።

በኬንያ የኪኩዩ ሕዝብ «ሙጉሞ» የሚለውን የሾላ ዘመድ የፈጣሪ ዛፍ አድርጎ ያከብራል። ሙጎ ዋ ኪቢሮ የተባለ ባለ ራእይ በቲካ የነበረ ሙጉሞ በወደቀ ጊዜ የቅኝ ገዥዎች አገዛዝ ያበቃል ብሎ ተናግሮ ነበር፤ ገዥዎቹም ዛፉ እንዳይወድቅ በብረት አስደገፉት፤ ዛፉ ግን አገሪቱ ነጻ በወጣችበት በ1963 እ.ኤ.አ. ወደቀ ተብሎ ይተረካል። የሰላም የኖቤል ተሸላሚዋ ዋንጋሪ ማታይም በልጅነታቸው እናታቸው ከዚህ ዛፍ ማገዶ እንዳይለቅሙ ይከለክሏቸው እንደነበር፣ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላም አጠገቡ የነበረው ምንጭ መድረቁን ጽፈዋል። ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የመሠረቱት የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ከዚያ ትዝታ ጋር የተያያዘ ነው። እናትየው የከለከሉት በእምነት ምክንያት ነበር፤ የተጠበቀው ግን ውኃው ጭምር ነበር።

በኬንያ የባሕር ዳርቻ የሚጂኬንዳ ሕዝቦች «ካያ» የተባሉ ጥብቅ ደኖች አሏቸው። ቀድሞ በደኖቹ መካከል የተመሸጉ መንደሮች ነበሩ፤ መንደሮቹ ቢለቀቁም ደኖቹ የአባቶች ማረፊያና የጸሎት ቦታ ሆነው በሽማግሌዎች ጉባኤ ይጠበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑ ሥፍራዎች በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በናይጄሪያ የሚገኘው 75 ሄክታር ስፋት ያለው የኦሹን ኦሾግቦ ጥብቅ ደንም በ2005 ተመዝግቧል። የዩሩባ ከተሞች በአብዛኛው ከከተማቸው ዳርቻ እንዲህ ያለ ደን ነበራቸው፤ ሌሎቹ ተመናምነው ወይም ጠፍተው ይህ ጎልቶ ቀርቷል።

ዛፉ ሲወድቅ

በሴራሊዮን መዲና ፍሪታውን መሐል «የጥጥ ዛፍ» እየተባለ የሚጠራ ግዙፍ የካፖክ ዛፍ ለዘመናት ቆሞ ነበር። በ1792 እ.ኤ.አ. ከኖቫ ስኮሺያ ተመልሰው ከተማዋን የመሠረቱ፣ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ለምስጋና የተሰበሰቡት በሥሩ እንደሆነ ይተረካል። ዛፉ በአገሪቱ የገንዘብ ኖቶች ላይ ታትሞ ነበር። ግንቦት 16 ቀን 2015 ዓ.ም. በከባድ ዝናምና ነፋስ ሲወድቅ ነዋሪዎች ወደ ቦታው ሄደው እንደ ዘመድ አለቀሱለት። ይህ የተፈጥሮ ሞት ነው፤ ማንም አይወቀስበትም።

በሰው እጅ የሚወድቀው ግን የተለየ ነው። በናይሮቢ የፍጥነት መንገድ ሲሠራ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሙጉሞ ሊነቀል ነበር። ነዋሪዎች ተቃውሟቸውን ካሰሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ዛፉ እንዲጠበቅና መንገዱ እንዲያልፈው ተደረገ። ትምህርቱ ለእኛም ቅርብ ነው። ከተሞቻችን በፍጥነት እያደጉ፣ መንገዶቻችን እየሰፉ ናቸው። በአዲስ አበባ ሾላ እና ወይራ ሠፈር የሚሉት ስሞች፣ ከከተማዋ ምሥረታ በፊት በዛሬው ፒያሳ አካባቢ ይጠራበት የነበረው «ቢርቢርሳ»፣ ማለትም ዝግባ፣ እንዲሁም የእንጅባራ የቀድሞ ስም «ኮሶ በር» ምን ዛፍ በየት እንደነበረ ያስታውሱናል። በብዙዎቹ ቦታዎች ስሙ ቀርቶ ዛፉ የለም።

በአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ የሚተከሉት ችግኞች ለተራቆተ መሬት አስፈላጊ ናቸው። ሆኖም ችግኝ ለነባር ዛፍ ምትክ ተደርጎ መታየት የለበትም። «አንዱን ቆርጠን አሥር እንተክላለን» የሚለው አነጋገር በእንጨት መጠን ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌዎች በችግኝ ሥር ሊቀመጡ ግን አይችሉም። ዛሬ የተተከለ ሾላ ለጉባኤ የሚበቃ ጥላ እስኪያወጣ ድረስ አሁን በሕይወት ያሉት አስታራቂዎች ዕውቀታቸውን ይዘው ያልፋሉ።

የሕግ ማዕቀፍና የኅብረተሰቡ ድርሻ

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሶች እንዲመዘገቡ፣ እንዲጠኑና እንዲጠበቁ ይደነግጋል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 በበኩሉ ለማኅበረሰብ ደን ባለቤትነት ዕውቅና ሰጥቷል። አገራችን የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ የተደረገውን የ2003 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስምምነትም ተቀብላለች። ማዕቀፎቹ ቢኖሩም ብቻውን የቆመ አንድ ዛፍ በሁለት ወንበር መካከል ይወድቃል፤ ደን ለመባል አንድ ነው፣ ሐውልት ለመባል ሕይወት አለው። ስለሆነም ዛፉን ከሥሩ ከሚፈጸመው ሥርዓት ጋር አያይዞ ማስመዝገብ የተሻለው መንገድ ነው።

በአካባቢው የሸንጎ፣ የዕርቅ ወይም የአምልኮ ዛፍ ያለው ማኅበረሰብ ጉዳዩን ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይችላል። መረጃው በሚሰበሰብበት ጊዜ የዛፉ የአካባቢ ስምና ዝርያ፣ የሚገኝበት ሥፍራ፣ በሥሩ የሚፈጸመው ሥርዓት፣ ሥርዓቱ የሚፈጸምበት ጊዜ እና ኃላፊነት ያለባቸው አባቶች ወይም እናቶች ቢመዘገቡ ጠቃሚ ነው። ትረካው በተናጋሪው ቋንቋ በድምፅ መቀረጽ አለበት፤ ተተርጉሞ ብቻ የተጻፈ ትረካ ግማሹን ያጣል። የመንገድና የግንባታ ፕሮጀክት ባለቤቶችም የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሲያዘጋጁ እነዚህን ዛፎች ከቅየሳው በፊት እንዲለዩ ይመከራል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚነሣ ክርክር ለፕሮጀክቱም ለማኅበረሰቡም ውድ ነው።

ምዝገባው ሲካሄድ የሥርዓቱን ባለቤቶች ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። ለእንግዳ ያልተፈቀዱ፣ ጫማ ወልቆ የሚገባባቸው ወይም ፎቶግራፍ የማይነሣባቸው ሥፍራዎች አሉ። እነዚህን ክልከላዎች የማያከብር መዝጋቢ ወይም ጎብኚ ሊጠብቀው የመጣውን ነገር ራሱ ያፈርሰዋል። የዛፉን ትክክለኛ ቦታ በይፋ ማሳወቅ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል ብለው ሽማግሌዎቹ ካመኑ መረጃው በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ብቻ ተይዞ ለሕዝብ ሳይገለጽ ሊቆይ ይገባል።